የደራሲ ፖርትሬት በፔሮቭ መንገድ እንዴት ይሳላል

ሩሲያዊውን ደራሲ ዶስቶየቭስኪን የሚወድ ሰው ያቺን ስዕል ሳያያት አይቀርም፣ ሰፊ ግራጫ ኮት የለበሰ ፂማም ሰውዬ እግሩን አነባብሮ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ አቆላልፎ የተቀመጠባት። ሩሲያዊው ሰአሊ ቫሲሊ ፔሮቭ ነው እ.ኤ.አ. በ1872 የሳላት፣ ፓቬል ትሬትያኮቭ የሚባል ነጋዴና ስዕል ሰብሳቢ አዞት፣ አሁንም ሞስኮ ትሬትያኮቭ ጋለሪ አለች። እኔ ፊት መሳል የተማርኩት ይቺን ስዕል ደጋግሜ እያየሁ ስለሆነ አሰራሩን በሷ ነው የማሳያችሁ፣ እናንተ ደሞ ሰፈራችሁ ያለ ግጥም የሚፅፍ ሰው አስቀምጣችሁ ሞክሩት።

አንደኛ፣ ብሩሹን አስቀምጡትና አውሩ። ይሄ ትልቁ ነገር ነው። የዶስቶየቭስኪ ሚስት አና በማስታወሻዋ እንደፃፈችው ፔሮቭ መሳል ከመጀመሩ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ቤታቸው እየመጣ ሰውዬውን ያወራው ነበር፣ ሆን ብሎ ክርክር ውስጥ ያስገባውና ፊቱን ያያል፣ በመጨረሻም ሀሳቡ ውስጥ ሲሰጥም የሚመጣውን ገፅታ ያዘው። እሷም ባሏን ብዙ ጊዜ እንደዛ ሆኖ አግኝታው ምንም ሳትናገር ትወጣ ነበር፣ እሱ መግባቷንም አያውቅም። ስለዚ እናንተም ቢያንስ ሁለት ሶስት ቀን ሂዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ስለሚፅፈው ነገር ጠይቁትና ዝም ሲል እጁን የት እንደሚያደርግ እዩ።

ሁለተኛ፣ መፅሀፉንና እስክሪብቶውን ከፊቱ አንሱ። ብዙ ሰው ደራሲ ሲስል መጀመሪያ የሚያስበው መደርደሪያ ነው። በርግጥ ፈረንሳዊው ሰአሊ ማኔ እ.ኤ.አ. በ1868 ደራሲውን ኤሚል ዞላን ሲስል መፅሀፍ አስይዞ፣ ቀለምና ብዕር ደርድሮ፣ ግድግዳውን በስዕል ሞልቶ ነው፣ ቆንጆ ስራ ነው፣ ግን እሱ የዞላን አለም ነው የሚያሳየን። ፔሮቭ ጋ ጠረጴዛ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ጨለማና ሰውየው ብቻ፣ ግን እየፃፈ እንዳለ ታውቃላችሁ! የ50 አመት ሰው ከኛ ወደ ጎን እያየ በጭንቅላቱ እየፃፈ ነው።

አቀማመጡ ቀላል ነው፣ ሰውነቱ ትንሽ ዞር ይበል፣ አይኑ እናንተን አይይ፣ ብርሀን ከአንድ መስኮት ብቻ ይምጣ፣ መብራቱን አጥፉት።

ቀለም ላይ ቆጥቡ። ፔሮቭ ስዕላቸውን ከከተማ ከተማ እያዞሩ ለህዝብ ከሚያሳዩት የፔሬድቪዥኒኪ ሰአሊዎች አንዱ ነው፣ ኑሮን እንዳለ የሚስሉ፣ እዚች ስዕል ላይም ግራጫና ቡኒ ነው የበዛው። ለኛ ከዘይት ቀለም ነጭ፣ ጥቁር፣ የሎ ኦከር የሚባለው የአፈር ቢጫ፣ አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ቡኒ ይበቃል። ቀለሙ የሚቀላቀልበትን የተልባ ዘይት ከስዕል እቃ ቤት ግዙ፣ የሚበላው አይሆንም።

ከዛ ቡኒውን ተርፐንታይን በሚባለው የቀለም ማቅጠኛ አቅጥናችሁ ሸራው ላይ ብርሀንና ጥላውን ብቻ አስቀምጡ። አይናችሁን አጥበባችሁ እዩት፣ ዝርዝሩ ይጠፋና ሁለት የበራ ቦታ ይቀራል፣ ፊቱና እጁ። ሌላው ሁሉ ጠቆር ይበል።

እጅ ላይ አትቸኩሉ፣ የብዙ ሰው ፖርትሬት የሚበላሸው እዚጋ ነው። የተቆላለፉ ጣቶችን አንድ በአንድ ከጀመራችሁ ቋሊማ ይመስላሉ፣ መጀመሪያ ሁለቱን እጅ እንደ አንድ ድንጋይ ሳሉ፣ የበራውን ጎንና የጨለመውን ጎን ለዩ፣ ከዛ በኋላ ነው በጣቶቹ መሀል ያለውን ጥላ በቀጭን ብሩሽ የምትከፍቱት። አንጓዎቹ ላይ ቀይ ትንሽ ጨምሩ፣ ከግንባሩ ይልቅ እዛ ደሙ ይታያል። ፔሮቭ ጋ እጆቹ ሰውየውን እንደ ቀለበት ዘግተውታል፣ ትከሻው ጎበጥ ብሎ ክንዱ ወርዶ ጉልበቱ ላይ ይገናኛል፣ እና አይናችሁ ከፊቱ ተነስቶ ዞሮ ፊቱ ላይ ይመለሳል።

ፊቱን በመጨረሻ ጨርሱት፣ የአይኑን ነጭ ነጭ አታድርጉት፣ ግራጫ ነው፣ ከላይኛው የአይን ቆብ ጥላ ይወድቅበታል። ኮቱን በሰፊ ብሩሽ እለፉት።

ከስር ያለው ቀለም ቀጭን፣ ከላይ የሚመጣው ዘይት የበዛበት ይሁን፣ ካልሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ፣ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል፣ ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁት። ቫርኒሹን ከ6 ወር በፊት አትቀቡ፣ እስከዛ ከአቧራና ከኩሽና ጭስ ራቅ ያለ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።