በግል በሚሠራ አውሮፕላን ላይ መቀመጫና የደህንነት ቀበቶ እንዴት ይገጠማል?

ይህን ሥራ ብዙ ሰው ቀለም ከተቀባ በኋላ ያስበዋል፤ ያኔ ግን የቀበቶ መያዣ ለማበጀት የተዘጋውን ቆርቆሮ እንደገና መፍታት ግድ ይላል። ስለዚህ የአውሮፕላኑ አካል ገና ክፍት ሳለ ይጀምሩ።

በመጀመሪያ ወንበሩን ለጊዜው ብቻ አስረው፣ ስፖንጁን አንጥፈውና ማዳመጫዎን አድርገው ይቀመጡበት። ፔዳሎቹን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፣ የመቆጣጠሪያ ዘንጉን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያንቀሳቅሱ፣ ከራስዎ እስከ ጣሪያው ያለውንም ክፍተት ይለኩ። ስፖንጁ ለስላሳ የቤት ዕቃ ስፖንጅ መሆን የለበትም፤ አውሮፕላኑ መሬት ሲመታ ወዲያው ተጨምቆ ስለሚያልቅ፣ ሰውነት ዘግይቶና በበለጠ ኃይል ከወንበሩ ጋር ይጋጫል፣ ጉዳቱም በአከርካሪ ላይ ይበረታል። ተጭነውት ቀስ ብሎ የሚመለሰው ዓይነት ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀበቶው መያዣ ነው፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይኸው ነው። ለትናንሽ አውሮፕላኖች ለረጅም ጊዜ ያገለገለው መለኪያ ወደ ፊት አቅጣጫ የስበትን 9 እጥፍ መቋቋም ሲሆን፣ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 720 ኪሎ ያህል ጭነት ማለት ነው። ይህን ቀጭን ቆርቆሮ ብቻውን አይሸከመውም፤ መያዣው በንድፉ በተመለከተው ዋና አጥንት ላይ መታሰር አለበት፣ ከንድፉ ውጭም ቀዳዳ አይብሱ።

ማዕዘኑን ለማግኘት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ረዳትዎ ከዳሌዎ አጥንት እስከ መያዣው ሲባጎ ይወጥር። የወገቡ ቀበቶ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ እስከ ጭራው ከሚዘረጋው መስመር ጋር ከ45 እስከ 55 ዲግሪ ቢሠራ ዳሌን አጥብቆ ይይዛል፤ ከዚህ በጣም ከተጋደመ ግን ሰውነት ከሥሩ ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። የትከሻው ማሰሪያ ከትከሻ ወደ ኋላ አግድም ወይም እስከ 30 ዲግሪ ወደ ላይ ይሂድ። ወለል ላይ የታሰረ እንደሆነ በግጭት ጊዜ ትከሻን ወደ ታች ስቦ አከርካሪን ይጨምቃል።

የቀበቶው ብረት በብሎኑ ላይ በነፃነት መዞር ስላለበት በመካከሉ ቡሽንግ (ብሎኑ የሚያልፍበት አጭር ቱቦ) ያስገቡ፤ ዳዶውም አናቱ ላይ ጥርስ ያለው ሆኖ በኮፒሊያ (በብሎኑ ቀዳዳ ገብቶ በሚታጠፍ የሽቦ መቆለፊያ) ይቆለፍ።

ሲያበቁ ወንበሮቹን መዝነው የክብደት ማዕከሉን እንደገና ያስሉ። በመጨረሻም ቀበቶውን አጥብቀው ካሰሩ በኋላ የተረፈው ጫፍ ከመቆጣጠሪያ ዘንጉ ጋር እንደማይጠላለፍ ይመልከቱ፤ ሁለተኛው ወንበር ባዶ በሚሆንበት በረራም ቀበቶው ተቆልፎና ተወጥሮ ይቀመጥ።