ትንሿ ፕሮጀክተር ሰው ፊት ስታዋርድ

በቀደም አንድ ልጅ አዲስ ፕሮጀክተሩን ይዞ መጣ። የውሃ ኮዳ የምታህል፣ በባትሪ የምትሠራ። «ምስሏ ደብዛዛ ነው፤ ተበላሽታ ይሆን?» አለኝ። የሞከራት እኩለ ቀን ላይ ነው፣ መጋረጃው ወለል ብሎ ተከፍቶ። ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ልጻፈውና ልረፍ። ሰው ፊት የሚያዋርዱን ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ካርቶኑን ማመን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ካርቶኑ «9000 ሉመን» ይላል፤ ሉመን የብርሃን መለኪያ ነው። የምን ሉመን? መፈለግ ያለባችሁ «አንሲ ሉመን» (ANSI) የሚለውን ነው፤ እሱ ከሌንሱ ወጥቶ የሚያርፈውን ብርሃን የሚለካ ነው። እንዲህ ያሉት ትንንሾች በአብዛኛው ከ500 አይበልጡም። የቀረው ቁጥር የሻጭ ምኞት ነው። 300 አንሲ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሸጋ ነው፤ ፀሐይ ፊት ግን ወይ ፍንክች። ምክንያቱም ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም የለውም። ጥቁር ሆኖ የሚታያችሁ ብርሃን ያላረፈበት ግድግዳ ነው። ግድግዳው በቀን ብርሃን ነጭ ከሆነ የፊልሙም ሌሊት ነጭ ነው።

በዚህ ላይ ምስሉን ይለጥጡታል! ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን ልክ እጥፍ ስታደርጉት ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ብርሃኑ ግን ያው ነው፤ ለአራት ይካፈላል። 50 ኢንች ላይ ኩልል ብሎ የሚታይ ምስል 100 ኢንች ላይ ይገረጣል። መጋረጃ ዝጉ፣ መብራት አጥፉ፣ ምስሉን አሳንሱ። ከዚያም በኋላ ከደበዘዘ ያኔ እናውራ።

«4ኬ ይደግፋል» ማለት እጅግ ጥርት ያለውን የ4ኬ ፋይል ይቀበላል ማለት ነው እንጂ በ4ኬ ያሳያል ማለት አይደለም። «ኔቲቭ» (Native) የሚለውን መስመር አንብቡ፤ ራሷ የምታሳየው ጥራት እሱ ነው።

ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው። ፕሮጀክተሯን ጠረጴዛ ጥግ ላይ አጣምሜ አስቀምጥና ምስሉን በኪስቶን፣ ማለትም ጠማማ ምስል በሚያስተካክለው ቅንብር፣ አቃና ነበር። ምን ብልህ ነኝ እላለሁ ደግሞ። ኪስቶን ምስሉን የሚያቃናው ከፊሉን ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸውን ነጥቦች) ሥራ ፈት አድርጎ፣ የቀረውን ጨምቆ ነው። ፊልም ላይ ብዙም አይታወቅም። የኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ ግን 8 እና 3 መለየት አቃተን። መጀመሪያ ግድግዳው ፊት ለፊት ቀጥ አድርጓት፤ ኪስቶን ለቀረችው ትንሽ ነገር ይሁን።

አልጋ ላይ፣ ትራስ ላይ አታስቀምጧት። አየር የምትስበው በጎንና በሥር ባሉት ቀዳዳዎች ነው።

ገመድን መናቅም አለ። አንዴ አንድ ስላይድ አቅራቢ ስልኩን ብቻ ይዞ መጣ። ሰው ተሰብስቧል። ስልኩን በዩኤስቢ-ሲ ሰካው፤ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ። ምስል የለም። ሁሉም ዩኤስቢ-ሲ ምስል አያወጣም። ዋይፋዩ ደግሞ እምቢ አለ። አቅራቢው ላብ በላብ ሆነ፤ እኔም አብሬው አላበኝ። ከዚያ ወዲህ ኤችዲኤምአይ ገመድ ከቦርሳዬ አይወጣም። ስላይዱንም በፒዲኤፍ ጭምር ያዙ፤ የአማርኛ ፊደል ሰው ኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሳጥን ሲሆን አይታችሁ ታውቁ የለ?

የስልኩን ስክሪን ወደ ፕሮጀክተሯ አንጸባርቃችሁ ፊልም ስታዩ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ከሆነም ፕሮጀክተሯን አትውቀሷት። አንዳንድ የፊልም መተግበሪያዎች ቅጂን ለመከላከል ራሳቸው ያግዱታል።

ባትሪዋ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ በባትሪ ሲሠሩ ብርሃናቸውን ይቀንሳሉ። ሶኬት ካለ ሰኩት፣ ምን አስጨነቃችሁ።

የቴሌግራም መልእክት ማሳወቂያ አጥፉ። ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ሌንሱን በሸሚዝ ጫፍ መወልወል ይቅርባችሁ፤ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ይበቃል። የእኔዋ ሌንስ በሸሚዝ ተጭራለች። ጥቁር ስላይድ ላይ ነጭ ጽሑፍ ባወጣሁ ቁጥር ፊደሎቹ ጭጋግ ይለብሳሉ።