ሲሲሊ ውስጥ «ኤተርኒት አውርዱ» ስትባሉ

ኤተርኒት አስቤስቶስ የሚባል ካንሰር አምጪ የማዕድን ክር የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ነው። አውርዱ ስትባሉ ከሁሉ በፊት የሕንፃውን ዕድሜ ጠይቁ። ጣልያን አስቤስቶስን፣ በአገሬው አጠራር አሚያንቶን፣ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1992 በሕግ ቁጥር 257 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ የእርሻ መጋዘን፣ ጋራዥ ወይም ፋብሪካ ላይ ግራጫ፣ ሞገድ ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ጣሪያ ካያችሁ ኤተርኒት ነው ብላችሁ ተነሡ። ሲሲሊ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባት ደሴት ስለሆነች በየሰገነቱ ታንከር አይጠፋም፤ አሮጌዎቹ የሲሚንቶ ታንከሮች የዚያው ዘር ናቸው። የጭስ ማውጫና የአሸንዳ ቱቦም እንዲሁ። በዓይን አይቶ «የለበትም» ማለት አይቻልም፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ናሙና ልውሰድ ብላችሁ ጠርዙን አትስበሩ።

ከኤትና እሳተ ገሞራ ግርጌ ያለችው የቢያንካቪላ ከተማ ለብቻዋ ትታይ። ከሞንቴ ካልቫሪዮ ካባ የወጣው ድንጋይ ለብዙ ዓመታት ለግንባታና ለልስን ውሏል፤ ውስጡ ፍሉዎሮኤደናይት የሚባል አስቤስቶስ መሰል ክር አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። እዚያ አሮጌ ልስን በደረቁ መፈንቀል ኤተርኒት ከመስበር አይሻልም።

ኤተርኒት ማውረድ የማንም ተቋራጭ ሥራ አይደለም። ድርጅቱ በብሔራዊው የአካባቢ አገልግሎት ሰጪዎች መዝገብ በምድብ 10 መመዝገብ አለበት። የሥራ ዕቅዱን ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት ለአውራጃው የጤና ድርጅት፣ ለአስፕ፣ ያስገባል። ሠራተኛውም የ30 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለበት። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ቼ ኢል ፒያኖ ዲ ላቮሮ?»፣ የሥራ ዕቅድ አለ ወይ? «ነገ ይመጣል» ከተባላችሁ አትውጡ። የአንድ ቀን ደሞዝ ይቅር።

በደንቡ ሲሠራ እንዲህ ነው። ሉሁ በፀሐይና በዝናብ ተሰባሪ ስለሚሆን ሰው አይችልም፤ ረግጠውት ወድቀው የሞቱ አሉ። መረማመጃ ጣውላ፣ ከሥር መረብ፣ ወገብ ላይ ቀበቶ ያስፈልጋል። ከዚያ ክሩን የሚይዝ ማጣበቂያ ፈሳሽ በዝቅተኛ ግፊት ይረጫል፤ ቀለም የሚገባበት ያልተረጨው ቦታ ተለይቶ እንዲታይ ነው። በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብ ግን ሲሚንቶውን አጥቦ ክሩን ያወጣዋል። ብሎኑ በመፍቻ ይፈታል፣ ዝጎ እምቢ ካለ በመቁረጫ ይቆረጣል፤ ግራይንደርና ድሪል ሉሁ አጠገብ አይደርሱም። ሉሁ ሳይሰበር በእጅ ይወርዳል፣ ፓሌት ላይ ይደረደራል፣ በወፍራም ላስቲክ ይጠቀለላል፣ «a» የሚለው የአሚያንቶ ምልክት ይለጠፍበታል። አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመውን ጭቃ ሰው ይንቀዋል። ከጣሪያው የታጠበው ክር የሚከማቸው ግን እዚያ ነው፤ ሳይደርቅ፣ እየተረጠበ ተጠርጎ በድርብ ከረጢት ይታሰራል።

ማስኩ ፒ3 (P3) የሚባለው ደቃቅ አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ይሁን። ሻሽ፣ ነጠላ ወይም የሆስፒታል ማስክ ፋይዳ የለውም። ጢም ያለው ሰው ደግሞ ፒ3 ቢያደርግም አየሩ በጎን ይገባል፤ ጠዋት ይላጭ። አንዴ ለብሶ የሚጣለው ቱታ ኮፍያው ከማስኩ ማሰሪያ በላይ፣ እግሩ ከቦቲው ውጭ ይሁን፤ የእጅጌው ጫፍ በፕላስተር ይታሸግ። ስትወጡ መጀመሪያ በልዩ ማጣሪያ ቫኪዩም ትጠረጋላችሁ፣ ቱታውን ወደ ውጭ እየገለበጣችሁ ታወልቃላችሁ፣ ከዚያ ከነማስካችሁ ሻወር ትገባላችሁ፣ ማስኩ ታጥቦ መጨረሻ ይወልቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማስኩን አስቀድሞ በማውለቅ ነው። የሥራ ልብስ ቤት አይግባ፤ የባሏን ልብስ በማጠብ ብቻ የታመመች ሴት በየአገሩ ተመዝግባለች።

ክሩ ሳንባ ውስጥ አይሟሟም። አስቤስቶሲስ፣ ማለትም የሳንባ ጠባሳ፣ ለዓመታት ብዙ የተነፈሰውን ይይዛል። የሳንባ ሽፋን ካንሰር፣ ሜሶቴልዮማ፣ ግን በትንሽ መጠንም ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ30 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። ለሚያጨስ ሰው የሳንባ ካንሰሩ አደጋ ይባዛል። በማግስቱ ራጅ መነሳት ታዲያ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ምንም አያሳይም።

በማግስቱ የሚጠቅመው ወረቀት ነው። ከ30 ዓመት በኋላ አሠሪው ተዘግቶ፣ ሕንፃው ፈርሶ ሊሆን ይችላል። ቀኑን፣ አድራሻውን፣ የአሠሪውን ስም፣ አብረዋችሁ የሠሩትን ጻፉ፤ የጣሪያውን ፎቶ አንሱ፤ ቡስታ ፓጋ፣ የደሞዝ ወረቀቱን፣ አትጣሉ። ሁሉንም በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩ፣ ስልክ ይጠፋል። የሥራ በሽታ ካሳ የሚከፍለው ኢናይል፣ የመንግሥት የሥራ አደጋ መድን ድርጅት፣ ነው፤ ማመልከቻውን ፓትሮናቶ፣ ሠራተኛን የሚረዳ ቢሮ፣ በነፃ ይሞላል። በሽታው ከሥራ የመጣ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የይርጋው ጊዜ 3 ዓመት ነው። አሠሪው ሳያስመዘግብ በጥቁር ያሠራውም ሠራተኛ ከኢናይል መብቱ አይቀርም፤ ማስረጃ ግን ይጠየቃል። ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው በአስፕ ኤስቲፒ (STP) የሚባል የሕክምና ኮድ አውጥቶ ይታከማል፤ ሐኪሙም ፈቃድ እንደሌለው ለፖሊስ እንዳያሳውቅ ሕግ ይከለክለዋል። በኦጉስታ ያለው የሙስካቴሎ ሆስፒታል በክልሉ ሕግ የአስቤስቶስ ሕመሞች ማዕከል ሆኖ ተሰይሟል።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «ትንፋሽ ያጥረኛል» ብቻ አትበሉ። ሳንባው ውሃ የያዘ አበሻ ያየ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ቲቢ ነው። «ኦ ላቮራቶ ኮን ላሚያንቶ»፣ በአሚያንቶ ሠርቻለሁ፣ ብላችሁ ዓመቱን ጨምሩ፣ ካርዳችሁ ላይም ሲጽፈው እዩ።