የጀርባ ኬሚካል መርጫ፦ ከግዢ እስከ እጥበት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አረሙ አልሞት ሲል ወይም ሰብሉ ሲቃጠል መጀመሪያ የሚታማው ኬሚካሉ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው መርጫው ነው።

ዋጋ ብቻ አይቶ መግዛት

ለጀርባ መርጫ ዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 19932 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትም (ፋኦ) የራሱ ዝቅተኛ መስፈርት አለው፤ መርጫው ተሞልቶ ከ25 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ሱቁ ውስጥ ግን ወረቀቱን ከማየት ውሃ መሙላት ይሻላል። ሞልተው፣ ክዳኑን ዘግተው ወደ ጎን ያዘንብሉት። ከክዳኑ ወይም ክዳኑ ላይ ካለው የአየር መግቢያ ጠብ ካለ፣ ነገ ጀርባዎ ላይ የሚወርደው እሱ ነው። ከዚያ እጀታውን እየገፉ ግፊት ሰጥተው ቱቦው የሚያያዝባቸውን ቦታዎች ሁሉ በደረቅ እጅ ይዳስሱ። እጅዎ ከረጠበ ይመልሱት።

ማጥለያውን አውጥቶ መጣል

ውሃው ቶሎ አልገባ ስለሚል ብቻ የአፉን ወንፊት የሚያወጡት ብዙ ናቸው። ውጤቱ ማሳ መሃል የሚደፈን ኖዝል (ኬሚካሉ የሚረጭበት የጫፍ ቀዳዳ) ነው። ሲደፈን ደግሞ በአፍ እፍ ይሉታል፤ ይህ መርዙን በቀጥታ መቅመስ ነው። በመርፌም አይነካካ፤ ቀዳዳው ይሰፋል። በውሃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት። ለ1 ደቂቃ በጆግ ሲለካ ከአዲሱ ኖዝል 10 በመቶ በላይ የሚያፈስ ከሆነ ይቀይሩት።

በአንድ ኖዝል ሁሉን መርጨት

ለተባይና ለበሽታ ደቃቅ ጠብታ የሚሰጠው ክብ ኖዝል ይመረጣል። ለፀረ-አረም ጠፍጣፋውን ይጠቀሙ፤ ጠብታው ተለቅ ስለሚል ነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ በቀላሉ አይወስደውም።

በክዳን መለካት

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። “ለአንድ መርጫ ሁለት ክዳን” የሚባለው ነገር የሰውየውን አረማመድም ሆነ የኖዝሉን ፍሰት አያውቅም። ልኬቱ በንጹህ ውሃ ይወጣል። 10 በ10 ሜትር ቦታ ይከልሉ። ውሃ ጨምረው ኖዝሉ እስኪረጭ ይግፉ፣ ከዚያ እስከ አንድ ምልክት ይሙሉ። በለመዱት እርምጃና አገፋፍ ይርጩ። ሲጨርሱ እስከዚያው ምልክት በጆግ እየለኩ መልሰው ይሙሉ። 2 ሊትር ከወሰደ ለሄክታር 200 ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 16 ሊትሩ መርጫ 800 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። የጤፍ ማሳ ላይ ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ-አረም ለሄክታር 1 ሊትር ከታዘዘ፣ ለአንድ መርጫ የሚገባው 80 ሚሊ ሊትር ነው። ማሳዎ ሩብ ሄክታር ከሆነ ሦስት መርጫና 2 ሊትር ይበቃዎታል። ሌላ ሰው ሲረጭ ወይም ኖዝል ሲቀየር ልኬቱ እንደገና ይሠራል።

ሲበጠብጡ ጓንት አለማድረግ

ኬሚካሉ ውሃ ሳይነካው ከሁሉም ሰዓት ይበረታል። የጨርቅ ወይም የቆዳ ጓንት ኬሚካሉን ጠጥቶ እጅ ላይ ያቆየዋል፤ የናይትራይል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት ይግዙ። ሲረጩ ነፋሱ ከእርስዎ ወደ ውጭ ይንፈስ፤ የረጩበት ውስጥም ተመልሰው አይሂዱ።

የአረሙን መርጫ ለአትክልት ማዋል

መርጫው ውስጥ የቀረ ጥቂት ቱ ፎር ዲ የቲማቲምንና የቃሪያን ቅጠል ያጣምማል። ሁለት መርጫ ይያዙ፣ የአረሙን በቀለም ምልክት ያድርጉበት። አቅም ካልፈቀደ በየጊዜው ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፤ ውሃው በቱቦውና በኖዝሉ እስኪወጣ ይገፋ። እጣቢው ወንዝ ዳር ሳይሆን በዚያው በተረጨው ማሳ ላይ ይፍሰስ። ግፊቱን አስተንፍሰው፣ ክዳኑን ከፍተው ደፍተው ያስቀምጡት።