«ገባችሁ?» «አዎ!» ደብተሩ ላይ ግን 35

ሦስተኛ ክፍል፣ ቅነሳ፤ 52 ሲቀነስ 27። ሰሌዳ ላይ ሠርቼ «ገባችሁ?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ደብተር ሳርም ግን ብዙዎቹ 35 ጽፈዋል፤ ከሰባቱ ላይ ሁለቱን ቀንሰው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ ሰው ሌላውን አይቶ እንዲማርና የተማረውን እንዲሠራ አራት ነገር ያሻዋል ይላል፦ ልብ ብሎ ማየት፣ ያዩትን መያዝ፣ መሥራት መቻልና መሥራት መፈለግ። የተበጠሰው የትኛው ነው?

ችግር፦ የኋላ ወንበሮች ሌላ ወሬ ይዘዋል።
ምክንያት፦ አላዩም፤ ሰሌዳውን በጀርባችን ጋርደነዋል።
መፍትሄ፦ ወደ ጎን ቆሞ አግዝፎ መጻፍ።

ችግር፦ ሲያዩ ይከተላሉ፣ በማግስቱ ይጠፋባቸዋል።
ምክንያት፦ እጃችንን አዩ እንጂ ሐሳባችንን አልሰሙም።
መፍትሄ፦ እየሠሩ መናገር። «ከ2 ላይ 7 አይቀነስም። ከአሥር ቤት አንድ እበደራለሁ፤ 5 የነበረው 4 ሆነ፣ 2 የነበረው 12።» ቀጥሎ እያንዳንዱ ልጅ ለጎረቤቱ በራሱ ቃል ይንገረው።

ችግር፦ ደከም ያለው ልጅ እርሳስ እንኳ አያነሣም።
ምክንያት፦ ይህንን ለማየት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሰሌዳ ላይ የማወጣው ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣውን ልጅ ነበር። እሱ ሳይደናቀፍ ሲጨርስ ሌላው «እሱማ ጎበዝ ነው» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ዴል ሸንክና ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት በቅነሳ የሚቸገሩ ልጆች መምህር ሲሠራ ካዩት ይልቅ እኩያቸው ሲሠራ ያዩት በራስ መተማመናቸውም ውጤታቸውም በልጦ ተገኝቷል።
መፍትሄ፦ ትናንት ተሳስቶ ዛሬ የገባውን ልጅ አስቀድሞ አስፈቅዶ ማውጣት። አንዲት ልጅ 5 ብላ ጻፈች፣ ቆም አለች፣ በእጅጌዋ አጠፋችው። «አይ፣ ሰባቱ ይበልጣል፤ መበደር አለብኝ።» ዳስተሩን ላቀብላት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ መለስኩት። ከኋላ አንዱ ደብተሩን ገለጠ።

ችግር፦ ያውቃሉ፣ እጅ ግን አያወጡም።
ምክንያት፦ ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ሙከራ፣ በፊልም አሻንጉሊት የመታው ሰው ቅጣት ሲደርስበት የተመለከቱ ልጆች ድርጊቱን እምብዛም አልደገሙትም። ሽልማት ሲቀርብላቸው ግን ቅጣቱን እንዳላዩት ልጆች አድርገው አሳዩ። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ አልገባውም ማለት አይደለም።
መፍትሄ፦ ትምህርቱን እንደገና ከማስረዳት በፊት፣ ባለፈው ሳምንት ሰሌዳ ላይ የተሳሳተው ልጅ ምን እንደገጠመው አስታውሱ፤ ተስቆበት ከሆነ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።