የሲሊከን ገጽ አተሞችን አቀማመጥ በኤሌክትሮን ማንበብ

በዚህ ዘዴ የኤሌክትሮን ጨረር ወደ ሲሊከን ገጽ ይለቀቃል፤ ተመልሰው ስክሪን ላይ የሚያርፉት ኤሌክትሮኖች የሚሠሯቸው ነጥቦች የአተሞቹን አቀማመጥ ያሳያሉ። ሥራው የሚከናወነው አየር በወጣለት የቫክዩም ክፍል ውስጥ ነው። በባሕር ዳር ክረምት አየሩ እርጥብ ነው፤ የቫክዩም ክፍሉ በተከፈተ ቁጥር ውሃ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ሲከፍቱ ደረቅ ናይትሮጅን ይሙሉበት፤ ከዘጉ በኋላ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ያሙቁት። መብራት ሲጠፋ የፓምፑ ቫልቭ በራሱ የሚዘጋ ይሁን። ግፊቱ ወደ አንድ ሚሊባር አሥር ቢሊዮንኛ ሳይወርድ አይጀምሩ።

ናሙናውን፣ ማለትም ሲሊከን 111ን (ቁጥሩ ክሪስታሉ የተቆረጠበትን አቅጣጫ ያሳያል)፣ በማይዝግ ብረት መቆንጠጫ ፈጽሞ አይንኩት፤ የሚተላለፈው ጥቂት ኒኬል ገጹን ያበላሸዋል። የሴራሚክ ይጠቀሙ። ናሙናውን በ600 ዲግሪ ያሳድሩት፣ ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ 1200 ያድርሱት። ከ900 ወደ 800 ሲወርድ አይቸኩሉ፤ አተሞቹ ቦታ ቦታቸውን የሚይዙት እዚህ ላይ ነው።

ጨረሩን በ50 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይልቀቁ። ስክሪኑ ላይ በሁለት ዋና ነጥቦች መካከል ስድስት ደብዘዝ ያሉ ነጥቦች ከቆጠሩ 7 በ7 የሚባለው አቀማመጥ ተገኝቷል፤ ይህም የገጹ አተሞች ድግግሞሽ በሁለቱም አቅጣጫ ከውስጠኛው ክሪስታል ሰባት እጥፍ ሲሰፋ ነው። ነጥቦቹ ፈዘው ዙሪያው ከነጣ ገጹ ቆሽሿል ወይም አልተስተካከለም፤ ማሞቁን ይድገሙ።

ነጥቦቹ የሚነግሩን የድግግሞሹን ስፋትና ቅርጽ ብቻ ነው። የአተሞቹን ትክክለኛ ቦታ ለማወቅ ቮልቱን በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ የእያንዳንዱን ነጥብ ድምቀት ይመዝግቡ፤ ከዚያ ኤሌክትሮኑ ደጋግሞ መበተኑን ከሚያሰላ ሞዴል ጋር ያነጻጽሩ።