የሰፈር የጋራ ጓሮ በድሬዳዋ፦ ክፍት ቦታን ከውሃው ጀምሮ ማልማት

ድሬዳዋ ውስጥ ባዶ መሬት ማግኘት ያን ያህል አይቸግርም። ግንባታው ተጀምሮ የተተወ ግቢ፣ ከመንደር ኋላ የቀረ ቁራሽ፣ ፌስታልና ፍርስራሽ የሚደፋበት የመንገድ ዳር ሞልቷል። የሚቸግረው ውሃው ነው። ስለዚህ ሥራው «ስንት ካሬ አለን?» ተብሎ ሳይሆን «በቀን ስንት ሊትር በእርግጠኝነት እናገኛለን?» ተብሎ ይጀመራል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጓሮው ጥር ላይ ያምርና ግንቦት ላይ ይደርቃል።

መጀመሪያ ውሃውን ለኩ

አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ በቀን 4 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ግን እስከ 7 ሊትር ይጠጣል። ሒሳቡን በትልቁ ቁጥር ሥሩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢመጣና በመጣ ቁጥር አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ መሙላት ቢቻል፣ ያላችሁ በሳምንት 4,000፣ በቀን 570 ሊትር ነው። ለ7 ሲካፈል 80 ካሬ ሜትር መደብ ይወጣዋል። መሬቱ 500 ካሬ ቢሆንም የምትቆፍሩት 80ውን ብቻ ነው። የቀረው ለመተላለፊያ፣ ለኮምፖስት ጉድጓድና ብዙ ውሃ ለማይጠይቁ ዛፎች ይሁን።

አጠገብ የትምህርት ቤት ወይም የቀበሌ አዳራሽ ቆርቆሮ ካለ አሸንዳ አስገጥሙለት። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ፣ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ 800 ሊትር ያህል ይሰበሰባል። ችግሩ የድሬ ዝናብ በበልግና በክረምት ተሰብስቦ መምጣቱ ነው፤ ሮቶው በአንድ ዶፍ ሞልቶ የተረፈው ይፈስሳል። የሚፈሰውን ወደ ፓፓያና ሽፈራው ጉድጓዶች የሚመራ ቦይ ቀድማችሁ ቆፍሩ።

የልብስ ማጠቢያ ውሃ? የመጨረሻው ማለቅለቂያ ለዛፍ ሥር ይሆናል። የመጀመሪያው፣ ኦሞ የበዛበት፣ ለምንም አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ሶዲየም አፈሩን ያጠነክረውና ውሃ እንዳያስገባ ያደርገዋል። ከቦይና ከወንዝ አሸዋ ውስጥ የሚቀዳ ፍሳሽ የነካው ውሃ ደግሞ ጥሬውን በሚበላ አትክልት ላይ ፈጽሞ አይፈስም።

ሮቶና በርሜል ሳይከደን አያድርም

ይህን ለብቻው ያነሳነው ድሬዳዋ ስለሆነ ነው። ከተማዋ የደንጊና የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች። በ2014 ዓ.ም የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ከሚባለው፣ ረግረግ ሳይሆን የከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከሚራባው ትንኝ ጋር ተያይዟል። ያልተከደነ በርሜል ያለው ጓሮ እንግዲህ ሰፈሩን ያሳምማል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጥታ ብታስቆመው እውነቷን ነው።

ሮቶው ክዳኑ የሚገጥም ይሁን። የትርፍ ውሃ መውጫው ላይ የትንኝ ወንፊት እሰሩ። በርሜል በጨርቅና በላስቲክ ገመድ ጥብቅ ብሎ ይሸፈን። ከእንቁላል እስከሚበር ትንኝ ያለው ጊዜ በዚህ ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን በርሜሉ ተደፍቶ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተግ። መድፋቱ ብቻ አይበቃም፤ የደንጊ ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው መስመር ከፍ ብላ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው፣ ደርቆም ይቆያል።

ቦታውን መምረጥና ማስፈቀድ

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ቀበሌ ሊሰጣችሁ የሚችለው የጊዜ አጠቃቀም ፈቃድ እንጂ ይዞታ አይደለም። ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ በፊት ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን እንደተያዘ በመሬት አስተዳደር ጠይቁ። «አረንጓዴ ቦታ» ተብሎ ከተመደበ ዕድለኞች ናችሁ። ለመንገድ ወይም ለሊዝ ከተያዘ መጠቀም ቢቻልም ፓፓያና ማንጎ አትትከሉ፤ በሦስት ወር የሚነሳ ነገር ብቻ ዝሩ። የምድር ባቡር ይዞታ የሆነውን ደግሞ ቀበሌ ሊፈቅድ አይችልም፣ የሚጠየቀው ድርጅቱ ነው።

ማመልከቻው ላይ የሚያስፈልገው አጭር ነው፦ የቦታው ንድፍ ከነስፋቱ፣ የአባላት ስምና ፊርማ፣ ውሃ ከየት እንደሚመጣና ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል፣ የሚጠየቀው ጊዜ (ቢያንስ ሁለት ዓመት ጠይቁ፣ የመጀመሪያው ዓመት አፈር በማስተካከል ያልቃል)፣ እና ቦታው ለሌላ ልማት ሲፈለግ ምርት እስኪነሳ ስንት ቀን እንደሚሰጣችሁ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሌለች ቲማቲሙ ሲቀላ ዶዘር ሊመጣ ይችላል። እድሩ ወይም አፎሻው (የአካባቢው መረዳጃ ማኅበር) በማኅተሙ ቢደግፍ ጉዳዩ ይፈጥናል። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ካሉ ማጽዳቱንና ቁፋሮውን በሥራ ቀናቸው መሥራት ይችሉ እንደሆነም ቀበሌውን ጠይቁ።

አራት ቦታ ግን አይመረጥም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አፍ ላይ ያለ መሬት የመጀመሪያው ነው፦ ሰማዩ ድሬ ላይ ጥርት ብሎ ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ሲዘንብ ውሃው በሌሊት ይመጣል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ የት ድረስ እንደደረሰ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቁና ከዚያ ውጡ። ሁለተኛው ጋራዥ፣ የባትሪ መጠገኛ ወይም የናፍጣ መጋዘን የነበረበት ነው፤ እርሳስና ዘይት አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ በቆስጣ ቅጠል ላይም ይወጣል። ሦስተኛው ከዋናው መንገድ አስር ሜትር ያልራቀ ቁራሽ። አራተኛው የልጆች ኳስ ሜዳ፤ እሱን የነካ ጓሮ አጥሩ በየሳምንቱ ይፈርሳል፣ ቢፈርስም አይፈረድም።

አፈሩ

አንድ ሃይላንድ ሲሶውን በአፈር፣ የቀረውን በውሃ ሙሉና በደንብ ነቅንቃችሁ ለሌሊት አስቀምጡት። ከታች የሚዘቅጠው አሸዋ ከግማሽ በላይ ከሆነ ውሃ አይዝም። ቀጥሎ ደረቅ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከፈላ ኖራ አለበት፤ ድሬ አካባቢ መፍላቱ የተለመደ ነው፣ የቧንቧውም ውሃ ያው ነው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይመሰክራል።

ኖራ ያለበት አፈር ብረትን አስሮ ይይዛል። ምልክቱ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ መቅረቱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «አፈሩ ደክሟል» ብሎ የምድጃ አመድ ይበትንበታል። አመድ ኖራውን ያባብሰዋል፤ እዚህ አፈር ላይ አይደረግም። መድኃኒቱ የበሰለ ኮምፖስት ነው፦ በካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ኪሎ፣ በየዘር ወቅቱ።

ኮምፖስቱን ከምትቆፍሩበት ቀን ቢያንስ ከአራት ወር በፊት ጀምሩ። ድሬ ውስጥ በነጻ የሚገኘው ጥሬ ዕቃ ገረባ (የጫት ትራፊ) ነው። ፍየሎቹ ቅጠሉን ከለቀሙ በኋላ የሚቀረው እንጨት ወፍራም ስለሆነ በገጀራ ከጣት ባልበለጠ ርዝመት ይከተፍ፤ ሳይከተፍ የገባ ገረባ ከስድስት ወር በኋላም እንጨት ነው። ሦስት እጅ ደረቅ (የተከተፈ ገረባ፣ የማሽላ አገዳ፣ ደረቅ ቅጠል) ከአንድ እጅ እርጥብ (የአትክልት ልጣጭ፣ አረም) እና ከአንድ እጅ የፍየል ወይም የከብት ፍግ ጋር በድርብርብ ይቆለል። ቁልሉ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ቁመቱ ከ1.2 ሜትር ያላነሰ ይሁን፤ ያነሰ ቁልል አይሞቅም። እዚህ አገር ግን ኮምፖስትን የሚገድለው ድርቀት ነው። ስለዚህ ጥላ ሥር፣ ጉልበት በሚያህል ጉድጓድ ውስጥ ጀምሩት፣ በላዩ ጆንያ አልብሱት። በየሦስት ሳምንቱ ሲገለበጥ አንድ እፍኝ ጭመቁ፤ እጃችሁ ካልረጠበ ውሃ ይጨመር፣ ከተንጠባጠበ ደረቅ ይጨመር።

ከፍየል ፍግ ጋር የሚመጣ አንድ መዘዝ አለ። ፍየል ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ወራሪ ዛፍ ፍሬ በልታ ዘሩን ሳይሞት ታወጣዋለች። ያልሞቀ ፍግ መደብ ላይ ከተበተነ በክረምት የሚበቅለው ሽንኩርት ሳይሆን እሾህ ነው። ቡቃያውን ጣት ሳያክል ከነሥሩ ንቀሉት።

መደቡ ወደ ታች ነው

ከፍ ያለ መደብ ለዝናባማ አገር ነው። እዚህ ንፋሱና ፀሐዩ ከአራት ጎን ያደርቀዋል። የእኛው መደብ የሰመጠ ይሁን፦ ስፋቱ 1.2 ሜትር (ከሁለቱም ወገን እጅ መሃል ድረስ እንዲደርስ)፣ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ በመካከል የ50 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ። 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቆፍራችሁ ብሎኬት ስብርባሪ፣ ጠርሙስና ፌስታል ልቀሙ። አፈሩን ከኮምፖስቱ ጋር ቀላቅላችሁ ስትመልሱ የመደቡ ወለል ከመተላለፊያው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቅር። ወለሉ በውሃ ልክ ይስተካከል፤ ያዘነበለ መደብ አንዱ ጫፍ ሲሰምጥ ሌላው ይጠማል። የሐምሌ ዶፍ ሲመጣ እንዳይታቆር በአንድ ጫፍ የጡብ ስፋት ያህል መውጫ ተዉና በበጋ በአፈር ድፈኑት።

ከተተከለ በኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ይልበስ። ግንዱን ግን አይንካ፣ ምስጥ በዚያ በኩል ይገባል።

ለቲማቲምና ለቃሪያ ውሃ የሚቆጥበው ዘዴ ቀላል ነው፦ ከ5 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ ማሰሮ አንገቱ ብቻ እስኪቀር ይቀበራል፣ ይሞላል፣ ይከደናል፤ ችግኞቹ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀው ዙሪያውን ይተከላሉ። ማሰሮው ያልተሟሸ ይሁን። የተሟሸው ቀዳዳው በቅባት ስለሚደፈን አያልበውም። በኖራማው ውሃ ምክንያት ከጊዜ በኋላ ያልተሟሸውም ይዘጋልና በየወቅቱ አውጥታችሁ በአቼቶና በውሃ ዘፍዝፋችሁ ፈትጉት። ክዳኑ ላይ በመርፌ የተበሳ ሃይላንድም ይሠራል፤ እሱም በዚሁ ቅርፊት ስለሚደፈን መርፌዋ አትጥፋ።

ምን፣ መቼ

የደጋውን ወቅት አትከተሉ። ለአትክልት የድሬ ምርጥ ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ቲማቲም ሌሊቱ በጣም ሲሞቅ አበባውን ያራግፋል፤ ሚያዝያ ላይ የተተከለ ቲማቲም ቅጠሉ አምሮ ፍሬ የሚያጣው በበሽታ ሳይሆን በዚህ ነው። ስለዚህ ዘሩ በመስከረም መጨረሻ ችግኝ ጣቢያ ይገባል፣ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ሲሞላው ይተከላል (በተክል መካከል 30፣ በመስመር መካከል 80 ሳንቲ ሜትር)። ቃሪያም አብሮት፣ መስመሩ 60 ሆኖ። ሽንኩርት 10 በ20፤ ቦምቤይ ሬድ ከተተከለ በኋላ ሦስት ወር አካባቢ ይፈልጋል። ቆስጣ በታኅሣሥ መጀመሪያ 25 በ35 ከተዘራ ሁዳዴ ሲገባ ይደርሳል፣ ገበያውም ያኔ ነው።

ከመጋቢት በኋላ ሙቀት የሚወዱትን አስገቡ፦ ባሚያ (40 በ60)፣ ስኳር ድንች (30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ሐረግ፣ ሁለት ሦስተኛው ተቀብሮ)። ሽፈራው በአጥሩ ዳር በየሜትሩ ይተከልና 1 ሜትር ላይ እየተቆረጠ ቅጠሉ ይበላል።

ችግኝ ጣቢያው ላይ በማሽላ አገዳ ዳስ ሥሩ። ሊተከል አስር ቀን ሲቀረው ዳሱን ቀስ በቀስ አሳሱት። ከዳስ ወጥቶ በዚያው ቀን ፀሐይ ላይ የተተከለ ችግኝ ይጠወልጋል።

ለቅጠል ተባይ የመንገዱ ኒም ይበቃል፦ 50 ግራም የደረቀ የፍሬ አስኳል ተወቅጦ በአንድ ሊትር ውሃ ያድራል፣ ተጠልሎ ትንሽ ሳሙና ተጨምሮበት ወደ ማታ ይረጫል፣ በየሳምንቱ። ቀትር ላይ የተረጨ ኒም በፀሐይ ይበላሻል። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል ቅጠሉ ውስጥ ከገባ ግን ኒም ብቻውን አያስቆመውም፤ የተጎዳውን ቅጠል እየለቀማችሁ በጥቁር ፌስታል ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ አሳድሩት፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ።

ፍየሉና ተረኛው

አጥር ሳይኖር ዘር አይገዛም። አንድ ፍየል በአንድ ጠዋት የወር ሥራ ትጨርሳለች። የዘላቂው አጥር ቅንጭብ ነው፦ የአንድ ክንድ ቁራጭ ለሳምንት ደርቆ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይሰካል። ወተቱ ዓይን ስለሚያቃጥል ልጆች አይትከሉት። እስኪደርስ ሁለት ዓመት ስለሚፈልግ እስከዚያ ሽቦ ወይም የእሾህ አጥር ያስፈልጋል።

ለ80 ካሬ ሜትር ከ8 እስከ 10 ቤተሰብ ይበቃል፤ 30 ሰው ተመዝግቦ የሚያጠጣው አምስት ከሆነ ጸቡ በሁለተኛው ወር ነው። መደቦቹን ተከፋፍላችሁ ሁለቱን የጋራ አድርጉና ምርታቸው የውሃ ሒሳቡን ይክፈል። ማጠጫው ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ወይም ማታ ይሁን። በረመዳን የማታ ተራ ከማፍጠሪያ ጋር ስለሚጋጭ ጾመኞቹ የንጋቱን ይያዙ፤ በፋሲካና በገና ደግሞ እነሱ ክርስቲያኖቹን ይተኩ። ይህ በደንቡ ላይ ይጻፍ፣ በቃል ብቻ አይቅር። የበሩ ቁልፍም በሦስት ሰው እጅ ይሁን። ፈቃዱ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው የውሃ ደረሰኞችን፣ የአባላቱን ዝርዝርና ያመረታችሁትን በኪሎ ይዛችሁ ወደ ቀበሌው ሂዱ።